አላዋቂ ሆኖ የሚተውን ተማሪ ይፈለጋል

ቅዳሜ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሽበቴን ይዤ የ6ኛ ክፍል ተማሪ እሆናለሁ። ደብተር አለኝ፤ ጫፉ የታኘከ እርሳስ አለኝ፤ ስምም አለኝ፦ አብዛኛውን ጊዜ አቤል እባላለሁ። ዕድሜዬን በጠመኔ ብናኝ ውስጥ ከጨረስሁ በኋላ ወደ ዴስኩ መሻገሬ ለጎረቤቶቼ አልዋጥ ብሏቸዋል። «ጡረታ ወጥተህ ደግሞ ተማሪ ሆንህ?» ይሉኛል። ሆንሁ። እውነቱን ለመናገር ከማስተማሩ ይልቅ ይኸኛው ይከብዳል።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ገና ክፍል ያልተረከቡ እጩ መምህራን ተራ በተራ ከሰሌዳው ፊት ቆመው አጭር ትምህርት ይሰጣሉ። እኛ ጥቂት ሰዎች፣ ጡረተኛ መምህራንና ተራቸውን የሚጠብቁ ሠልጣኞች፣ ተማሪዎች እንሆናለን። ለእያንዳንዳችን አንድ ካርድ ይታደለናል። ካርዱ ማን እንደሆንን፣ ምን እንደምናውቅ፣ ምን እንደተምታታብንና ምን ስንጠየቅ ምን እንደምንመልስ ይናገራል። የምታስተምረው ልጅ ካርዶቹን አላየችም። ክፍሉን የሚመራው ባልደረባችን «ይቁም» ሲል ሁሉም ነገር ባለበት ይቆማል፤ «ከዚያች ጥያቄ እንጀምር» ሲል ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰን ያችኑ ቅጽበት እንደገና እንኖራታለን።

መጀመሪያ ላይ ያስቸገረን የትምህርት ይዘት አልነበረም፤ አክብሮት ነበር። አንድ በትሕትና ያደገ ወጣት ጠመኔውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎ... ይቅርታ፣ አቤል... መልሱን ቢነግሩን?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሌላ ጊዜ አንዷ እጄን ሳወጣ «ኧረ አይነሡ ጋሼ፣ ቁጭ ብለው ይመልሱ» አለችኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «አንቱ» እየተባለ ሊገሠጽ አይችልም። ስለዚህ ደንብ አወጣን፦ ደብተሩ ሲከፈት «ጋሼ» የለም፣ «አንተ» ብቻ ነው፤ ደብተሩ ሲዘጋ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሻይ ስንጠጣ ያው «ጋሼ» ነኝ።

እንዲህ ዓይነቱ ልምምድ ለአገራችን አዲስ ነው ልል አልችልም። በመምህራን ማሠልጠኛ ያለፈ ሁሉ ማይክሮ ቲቺንግ የሚባለውን ያውቀዋል። የጓደኞችህ ፊት ትቆማለህ፣ ዓላማውን ሰሌዳው ላይ ትጽፋለህ፣ ትጠይቃለህ። ጓደኞችህ ደግሞ ሁሉንም ያውቁታል። ጥያቄውን ሳትጨርሰው እጅ ይወጣል፣ መልሱ ትክክል ነው፣ «አጨብጭቡለት» ትላለህ፣ ይጨበጨባል። ከዚያ አስተያየት ይሰጣል፦ «በጣም ጥሩ ነበር፤ ድምፅህን ትንሽ ከፍ ብታደርግ፣ የሰሌዳ አጠቃቀምህን ብታሻሽል።» ነገ አስተያየት ሰጪው ራሱ ስለሚቆም ክፉ መናገር አይፈልግም። አንተም በእሱ ቀን ድምፁንና የሰሌዳ አጠቃቀሙን ታነሣለታለህ። በዚህ ሁኔታ ከአንድ ትውልድ በላይ በድምፅና በሰሌዳ አጠቃቀም ብቻ ተተችቶ ክፍል ገብቷል።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1963 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ልምምዶች ያለ ዝምድና ተወለዱ። አንዱ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ድዋይት አለንና ባልደረቦቹ እጩ መምህራንን ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ያህል ጥቂት ተማሪዎችን እንዲያስተምሩ ያደርጉ ነበር። በአንድ ጊዜ የሚለማመዱት አንድ ክህሎት ብቻ ነው፦ ጥያቄ መጠየቅ፣ ወይም ትምህርት መጀመር፣ ወይም ምሳሌ መስጠት። በቪዲዮ ይቀረጻል፣ ይታያል፣ ይተቻል፤ ከዚያ መምህሩ ያንኑ ትምህርት ለሌሎች ተማሪዎች እንደገና ያስተምራል። ሁለተኛው በዚያው ክፍለ ግዛት፣ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በሕክምናው በኩል ተጀመረ። ሃዋርድ ባሮውስ የተባለ የነርቭ ሐኪም ጤነኛ ሰዎችን የሕመምተኛ ሚና እያስጠና የሕክምና ተማሪዎች እንዲመረምሯቸው አደረገ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ልዩነት ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል። በሐኪሞቹ ዘንድ የሐሰቱ ሕመምተኛ በሽታውን አጥንቶ ይመጣል፦ የት ሲነካ እንደሚያመው፣ ምን ሲጠየቅ ምን እንደሚደብቅ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ማን በዚህ እንደታመመ። በመምህራኑ ዘንድ ግን ልምምዱ ከስታንፎርድ ወጥቶ በዓለም ሲሠራጭ በብዙ ኮሌጆች እውነተኞቹ ልጆች ቀሩ፤ በቦታቸው የክፍል ጓደኞች ተቀመጡ። ለእነዚህ ጓደኞች ደግሞ «አለማወቃችሁን አጥኑ» ያላቸው የለም። ጤነኛን ሰው አልጋ ላይ አስተኝቶ «መርምሩት» ማለት ነው። ምን ሊገኝ?

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምንደክመው ለካርዶቹ ነው። ስለ አንዱ ብቻ ላውራ፤ አቤልን አቤል ያደረገው እሱ ነውና።

ርእሱ የክፍልፋይ ድምር ነው። አንዲት በሒሳብ ዲግሪዋን የያዘች ሠልጣኝ ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ብላ ጻፈችና ጠየቀች። እጄን አወጣሁ። «2/5 ቲቸር!» ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት መደመር፤ ይህን ስሕተት ያላየ የሒሳብ መምህር ያለ አይመስለኝም። «አይደለም። ሌላ?» አለች። ከኋላዬ የጎበዟ ልጅ ካርድ የደረሳት «5/6» አለች። «ጎበዝ፣ አጨብጭቡላት!» አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብሁ። ትምህርቱ ቀጠለ፤ ከውጭ ለሚያየው ያማረ ክፍል ነው።

«ይቁም። አቤል 2/5ን ከየት አመጣው?»

አታውቅም። እኛም እንደማታውቅ እናውቃለን፤ አልጠየቀችማ። ወደ ኋላ ተመለስን። አሁን «እንዴት አገኘኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ካርዱ የተጻፈው ለዚች ጥያቄ ነበር። «ቲቸር፣ በእኔ ዴስክ ላይ ሁለት ነን፤ አንዷ ሴት ናት። ያ ግማሽ ነው። ከፊታችን ባለው ዴስክ ላይ ሦስት ናቸው፤ አንዷ ሴት ናት። ያ ሲሶ ነው። ሁለቱ ዴስክ ሲደመር አምስት ልጆች፣ ሁለት ሴቶች። 2/5።»

ልጅቱ ዴስኮቹን አየች። ቆጠረች። ልክ ነው፤ ከአምስታችን ሁለቱ ሴቶች ነን ብለው ተቀምጠዋል። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር በብዙ ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ፦ መልሱ ስሕተት መሆኑን ታውቃለች፣ የልጁ አመክንዮ የቱ ላይ እንደተሳተ ግን አታውቅም። የወሰደችው መንገድ ሁላችንም የምንወስደው ነው። «እሱ ሌላ ነገር ነው። ሕጉ መጀመሪያ የታህቶቹን የጋራ ብዜት ፈልጉ ይላል» አለች። አቤል በካርዱ ላይ እንደታዘዘው «እሺ ቲቸር» ብሎ ተቀመጠ፤ ደብተሩ ላይም 5/6 ብሎ ጻፈ፤ በልቡ ግን ከዴስኮቹ አልወጣም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንመልሳት ቆም ብላ አሰበችና «አቤል፣ 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አለችኝ። ትንሽ ቆይቼ «ያንሳል» አልሁ። «ግማሽ ነበረህ፣ ሌላ ጨመርሁልህ፤ እንዴት ከግማሽ አነሰብህ?» እዚህ ላይ ካርዱ እንድደነግጥ ያዝዘኛል፤ ዴስኮቹን ግን ቶሎ እንዳልለቅ ያስጠነቅቀኛል። «ሴቶቹ ግን ሁለት ናቸው...» ብዬ አጉረመረምሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራላት፤ ለአቤል ሳይሆን ለራሷ። ሲሶው የሦስት ልጆች ሲሶ ነው፤ ግማሹ የሁለት ልጆች ግማሽ ነው፤ ሙሉው አንድ አይደለም። ሰሌዳው ላይ አንድ ዳቦ ብቻ ሣለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም የሒሳብ መምህር ያውቀዋል፤ ስድስት ቦታ ቆረሰችው።

ይህ ሁሉ ከሃያ ደቂቃ የዘለለ ጊዜ አልወሰደም። እውነተኛ ክፍል ውስጥ ቢሆን መጀመሪያው ላይ ያልፍ ነበር፤ አቤልም ሲሶና ግማሽ በተነሡ ቁጥር ደብተሩን ከጓደኛው እየገለበጠ 8ኛ ክፍል ይደርስ ነበር። ልምምዱ የሚሰጠው ትልቁ ጸጋ ወደ ኋላ መመለስ መቻሉ ነው። ሕያው ክፍል ውስጥ «ከዚያች ጥያቄ እንጀምር» የሚል የለም፤ ደወሉም ልጁም አይጠብቁም።

ካርዶቹን የሚጽፍ ሰው ሳይወድ በግዱ አንድ ነገር ይማራል። እያንዳንዱ ስሕተት የራሱ ምክንያት ሊኖረው ግድ ነው። «ሰነፍ ተማሪ» የሚል ካርድ መጻፍ አይቻልም፤ ተዋናዩ ምን ይሥራ? ቁጭ ብሎ ያዛጋ? ዕፀዋት ምግባቸውን ከአፈር ይመገባሉ የሚል ልጅ ምክንያት አለው፤ እናቱ አበባዋ ሥር ፍግ ስታደርግ ያያል። 0.25 ከ0.3 ይበልጣል የሚልም ምክንያት አለው፤ 25 ከ3 ይበልጣላ። ሠልጣኞቹን ካርድ እንዲጽፉ ስናስገድዳቸው ያለቅሳሉ፤ ማስተማሩ ይቀላል ይላሉ። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ካርድ መጻፉን እመርጣለሁ። የልጅን ስሕተት ከውስጥ ሆኖ ያጠና ሰው ክፍል ሲገባ «ተሳስተሃል፣ ሌላ?» ማለት ይከብደዋል።

የምወደው ካርድ ግን ከሁሉ የሚያጥረው ነው። እንዲህ ይላል፦ «መምህሩ ‹ገባችሁ?› ሲል ከሁሉም በላይ ጮክ ብለህ ‹አዎ› በል። ምንም አልገባህም።»

አንድ ቀን ይህንን ካርድ ለሁላችንም አደልነው። ሠልጣኙ ስለ ውኃ ዑደት አስተማረ፤ «ገባችሁ?» አለ፤ «አዎ ቲቸር!» ብለን አዳራሹን አናጋነው፤ ደስ ብሎት ቀጠለ። እንደገና «ገባችሁ?» እንደገና «አዎ!» ሲጨርስ ካርዶቻችንን ገልብጠን አሳየነው። ዝም ብሎ አንድ በአንድ ሲያነባቸው ቆየና «ታዲያ እንዴት ልወቅ?» አለ። የዚያን ቀን ሌላ ትምህርት አልነበረም፤ የቀረውን ጊዜ በዚሁ ጥያቄ ላይ አሳለፍነው። አንዱ «ለጎንህ ልጅ አስረዳው በላቸው» አለ፤ ሌላዋ «ደብተራቸው ላይ ይሣሉት፣ ዙርና እይ» አለች፤ አንዱ ደግሞ «ጠይቅና ቆይ» አለ።

ስለዚህ ቆይታ ትንሽ ማለት እፈልጋለሁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የክፍል ውስጥ ቅጂዎችን እያዳመጠች መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አሳየች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉት ይቀንሳሉ፣ ደካማ የተባሉትም አፋቸውን ይከፍታሉ። ሦስት ሰከንድ በወረቀት ላይ ምንም አይደለም። ሰሌዳ ፊት ቆመህ ሰው ሁሉ ሲያይህ ግን ያልባል። እኛ ጋ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ በጣቱ ይቆጥራል፤ ሠልጣኙ ሦስተኛዋ ጣት ሳትነሣ ከተናገረ ሁላችንም እንስቃለን። ሳቁ ከየትኛውም ንድፈ ሐሳብ በላይ ሲያስተምር አይቻለሁ።

ቆይታ ሲነሣ ፕላዝማው ትዝ የማይለው የእኔ ዘመን መምህር አይኖርም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ስክሪኖች ተሰቀሉ፤ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይመጣ ነበር። የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፤ ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱን ራሱ ይነግራቸውና «በጣም ጥሩ!» ይላቸዋል። ማን መለሰና? ክፍል ውስጥ ያለነው መምህራን ደግሞ ከማብራትና ከማጥፋት ያለፈ ብዙ ድርሻ አልነበረንም። ዘመኑን ሙሉ በሙሉ አልወቅሰውም፤ ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሙከራ ያየበት ነው። ነገር ግን መምህሩ ምስል፣ ተማሪው እውነተኛ ነበር። አሁን እኛ የምንሠራው የዚያ ግልባጭ ነው፦ መምህሯ እውነተኛ፣ ተማሪው ምስል። ከሁለቱ አንዱ ሐሰተኛ መሆን ካለበት ሐሰተኛው ተማሪው ይሁን፤ ቢበላሽ የሚጎዳ የለም።

ይህ «የሚጎዳ የለም» የሚለው ነገር ቀላል አይደለም። በዚህች አገር መምህርነትን የተለማመድነው በሰው ልጅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር እየሄዱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። በፍቅር የሚያስታውሷቸው ሽማግሌዎች አውቃለሁ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2003 የመምህራን ትምህርት ሥርዓቱ ሲከለስ የትምህርት ቤት ልምምዱ ሰፊ ቦታ ተሰጠው። ጥሩ ነው። ነገር ግን ወደ ትምህርት ቤት መላክና ከመላክ በፊት ማለማመድ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው የሁለተኛውን ቦታ ሲተካ ዋጋውን የሚከፍለው የ3ኛ «ሐ» ልጅ ነው።

የመምህራን ሥልጠና ተመራማሪዋ ፓም ግሮስማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የቀሳውስትን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችንና የመምህራንን ሥልጠና አነጻጽረው ነበር። ሦስቱም ከሰው ጋር በመነጋገር የሚኖሩ ሙያዎች ናቸው። በመካከል የሚመጣን ያልታሰበ ነገር እዚያው ይዞ የመምራት ልምምድ ለመምህራኑ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አገኙት። መምህራኑ ዕቅድ ይጽፋሉ፤ ዕቅዱ ሲፈርስ ምን እንደሚደረግ ግን ብዙም አይለማመዱም። ይህን ሳነብ ቅኔ ቤቱ ነው የመጣብኝ። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ይመጣል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ እዚያው ያርመዋል፤ ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ማንም «ድምፅህ ጥሩ ነው» ብሎ አያሰናብተውም።

እኛ ግን ቅኔ ቤት አይደለንም፤ ይሉኝታ አለብን። በሰው ፊት ሰውን ማረም ለአብዛኞቻችን እንደ ማዋረድ ነው የሚቆጠረው። ብዙ ከተቸገርን በኋላ የደረስንበት ዘዴ ይህ ነው፦ ማንም አስተያየት አይሰጥም። ይልቅ ተማሪዎቹ ከሚናቸው ሳይወጡ የገባቸውን ብቻ ይናገራሉ። «እኔ አቤል ነኝ። ዛሬ የተማርሁት ክፍልፋይ ሲደመር ታህቱ በአስማት አንድ ዓይነት እንደሚሆን ነው።» «እኔ ሳባ ነኝ። ሁለት ጊዜ እጄን አወጣሁ፤ አላየኸኝም፤ ከዚያ በኋላ ስለ ምሳዬ አሰብሁ።» ይህ ትችት አይደለም፤ ምስክርነት ነው። ሠልጣኙ የሚከራከረው ከማን ጋር ነው? ሳባ ስለ ምሳዋ አላሰበችም ሊል አይችልም።

የሒሳቡን ወሬ ትቼ ወደ ሥነ ሥርዓቱ ልምጣ፤ ሠልጣኞቹ ከሁሉ የሚፈሩት እሱን ነውና። አርፍዶ የመጣ ልጅ ካርድ አለን። ቤተሰቡ መሀል ከተማ ይኖር የነበረ፣ ሠፈሩ ፈርሶ ወደ ዳር የተዛወረ፣ ትምህርት ቤቱን ግን ያልቀየረ ልጅ ነው፤ ሁለት ታክሲ ይዞ ነው የሚመጣው። ካርዱ ላይ «ካልተጠየቅህ አትናገር» ይላል። በሩን አንኳኩቼ ስገባ ከሠልጣኞቹ አብዛኞቹ ሳያስቡት ያደጉበትን ያደርጋሉ፦ «እዚያ ተንበርከክ!» ሃምሳና ስልሳ ዓመት የሆነው ጉልበት ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ሁሉም ይደነግጣል፤ እኔም በእውነት ያመኛል፤ ማንም ግን «ይቁም» እስካልተባለ አያነሣኝም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሠልጣኞቹ ሁሉ አንቀጹን ተምረውታል፣ ተፈትነውበታል። እጃቸው ግን የሚታዘዘው ለአንቀጹ ሳይሆን ለ4ኛ ክፍል አስተማሪያቸው ነው። ወደ ኋላ መልሰን እንደገና ስንጀምር የሚመረጡት ቃላት ይገርማሉ። አንዱ «ግባ፤ ደብተርህን አውጣ፤ ሲያልቅ እንነጋገራለን» አለኝ። ይኸው ነው። ዘጠኝ ቃል እንኳ አይሞላም፤ ግን እስኪወጣው ድረስ ደጋግሞ ሞክሮታል።

ማድረግ ያቆምነውም ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ ካርዶቹ ላይ አነጋገርም እንጽፍ ነበር፦ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ልጅ፣ ከገጠር በቅርቡ የመጣች ልጅ። ተዋናዮቹ አነጋገሩን ሲያስመስሉ ሳቅ ሆነ፤ ሳቁም የጣት ቆጠራው ዓይነት ሳቅ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሠልጣኝ ተቀምጦ እያለ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጥላ መሳቅ ምን የሚሉት ሥልጠና ነው? አነጋገር ማስመሰል በፍጹም ከለከልን። ችግሩ ራሱ ቀርቶ አይደለም፤ ካርዱ አሁን «ጥያቄው በረዘመ ቁጥር የመጨረሻዎቹን ቃላት ብቻ ትሰማለህ» ይላል። ያ ለማንም ይሠራል፣ መምህሩንም ጥያቄውን እንዲያሳጥር ያስገድደዋል።

ወጣቶቹ ስለ ኮምፒውተር ይጠይቁኛል። አሜሪካ ውስጥ በሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ የልምምድ ክፍል አለ፤ ስክሪን ላይ አምስት የሚያህሉ የካርቱን ተማሪዎች ተቀምጠው መምህሩን ያናግራሉ፣ ያቋርጣሉ፣ ይሰላቻሉ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ከስክሪኑ ጀርባ ሚናውን የሠለጠነ ሕያው ሰው መኖሩን ነው፤ ድምፁንም ጠባዩንም የሚሰጣቸው እሱ ነው። ያ ሁሉ መሣሪያ ተነሥቶ ዞሮ ዞሮ የሚፈለገው አለማወቅን የሚችልበት ሰው ነው። በስልክ ላይ የሚያወሩትን አዳዲሶቹን ፕሮግራሞችም ሠልጣኞቹ «የ6ኛ ክፍል ተማሪ ሁን» እያሉ ሞክረዋቸዋል። ለቤት ልምምድ መጥፎ አይደሉም፤ ግን እጅግ ትሑት ተማሪዎች ናቸው። ትንሽ ፍንጭ ሲሰጣቸው «አሃ፣ አሁን ገባኝ!» ይላሉ። አቤል እንደዚያ ቢሆን ኖሮ መምህር ባላስፈለገው።

ከሠልጣኞቹ የሚነሣው ተቃውሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ትክክልም ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ስምንት ናችሁ፤ እኔ የምሄድበት ክፍል ስልሳ ልጅ አለው።» ስልሳውን ማስመሰል አንችልም፤ የስልሳ ልጅ ሙቀት፣ ጫጫታ፣ የዴስክ ጥበት በካርድ አይጻፍም። የምመልሰው አንድ ብቻ ነው፦ ስልሳው ውስጥ አቤሎች ስንት እንደሆኑ ቁጠር። አንዱን አቤል ሰምቶ የማያውቅ ሰው አሥራ አምስቱን በአንድ ጊዜ ሊሰማ አይችልም። መልሱ ሙሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እነሱም ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

ካርዶቹን አብራኝ ከምትጽፈው ባልደረባዬ ጋር ደግሞ ሌላ ክርክር አለን። እሷ በአቅራቢያው ካሉ ትምህርት ቤቶች እውነተኛ ልጆች በፈቃዳቸውና በወላጆቻቸው ፈቃድ እናምጣ ትላለች። «የስታንፎርዶቹ ልጆች እውነተኛ ነበሩ፤ አንተ የቱንም ያህል ብትተውን ሃምሳ ዓመት አርጅተሃል» ትለኛለች። እኔ አልስማማም። ልጅ ከመጣ «ይቁም» ማለት አይቻልም፤ ያንኑ ስሕተት ሦስት ጊዜ ድገምልን ማለት አይቻልም፤ ልጁም ሁለተኛው ላይ መልሱን ያውቀዋል። እሷ ደግሞ ልጆቹ ካርዶቻችንን አንብበው «እንዲህ የሚያስብ ልጅ የለም» ቢሉንስ ትለኛለች። ለዚህኛው መልስ አጥቻለሁ። በሚቀጥለው ወር ጥቂት የ6ኛ ክፍል ልጆች ይመጣሉ፤ ሊማሩ ሳይሆን ካርዶቻችንን ሊያርሙ። አቤልን መጀመሪያ እንዲያነቡት ጠይቄያለሁ።